የመጻሕፍት ምርጫና ፖለቲካ፦ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን መደርደሪያ ማን ይሞላዋል?

እ.ኤ.አ. በኦገስት ወር 1939 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት የሚገኘው የከርን አውራጃ አስተዳደር ቦርድ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ከአውራጃው አብያተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች እንዲወጣ በአራት ድምፅ ለአንድ ወሰነ። መጽሐፉ ደራሲው ጆን ስታይንቤክ በዚያው ዓመት ያሳተመው «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» ነበር። ድርቅና ዕዳ ከመሬታቸው ያፈናቀላቸው የኦክላሆማ ገበሬዎች ሥራ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ሲሰደዱ የገጠማቸውን ረኀብ፣ ዝቅተኛ ደመወዝና ንቀት ይተርካል። ለውሳኔው በይፋ የቀረበው ምክንያት የመጽሐፉ ቋንቋ ጸያፍ ነው የሚል ቢሆንም፣ እገዳውን ከደገፉት መካከል ሰፋፊ እርሻ ያላቸው ባለሀብቶች ማኅበር ይገኝበት ነበር።

ከርን አውራጃ በልብ ወለዱ ውስጥ የተሣሉትን የመሰሉ ስደተኛ ሠራተኞች በእውን የሰፈሩበት ምድር ነው። እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ገዝተው የሚያነቡበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለ ራሳቸው ኑሮ የተጻፈውን ለማንበብ የቀራቸው መንገድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ነበር፤ እርሱም ተዘጋባቸው። የአውራጃው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ግሬቸን ኒፍ ቦርዱ ውሳኔውን እንዲያነሣ የሚጠይቅ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። እገዳው የተነሣው ግን ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1941 ነበር።

ከከርን ውሳኔ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የአሜሪካ አብያተ መጻሕፍት ማኅበር «የቤተ መጻሕፍት መብቶች ድንጋጌ» በመባል የሚታወቀውን ሰነድ አጽድቆ ነበር። ሰነዱ በሕዝብ ገንዘብ የሚገዙ መጻሕፍት መመረጥ ያለባቸው ለአካባቢው ነዋሪ ባላቸው ዋጋና ተፈላጊነት እንጂ በጸሐፊው ዘር፣ ዜግነት፣ የፖለቲካ ወይም የሃይማኖት አመለካከት እንዳልሆነ ይደነግጋል። በሚያከራክሩ ጉዳዮች ላይም የተለያዩ ወገኖች ሐሳብ እንዲገኝ ይጠይቃል። የወረቀት ላይ መርህ በአንድ አውራጃ የስብሰባ አዳራሽ ሊሸነፍ እንደሚችል ለማሳየት ሁለት ወር በቂ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች የተነሡት ክርክሮች ሁሉ የሚዞሩት በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ ለሁሉም ተብሎ በተቋቋመ ቤት ውስጥ የሚቀመጠውን መጽሐፍ ማን ይምረጥ? በምን መለኪያስ?

ምርጫና ሳንሱር የሚለያዩበት

የትኛውም ቤተ መጻሕፍት የታተመውን ሁሉ መግዛት አይችልም። በጀቱ የተወሰነ ነው፤ የመደርደሪያው ቦታም እንዲሁ። አንድ መጽሐፍ ሲገዛ ሌሎች ብዙዎች ይቀራሉ። ስለዚህ «ቤተ መጻሕፍቱ ይህን መጽሐፍ አልያዘም» ማለት ብቻውን አድልዎ መኖሩን አያረጋግጥም። አስቸጋሪው ነገር ሳንሱርም ራሱን ምርጫ ብሎ መጥራት መቻሉ ነው።

አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ምሁር ሌስተር አሽሃይም እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጡት ጽሑፍ ሁለቱን የሚለይ መመዘኛ አቀረቡ። መመዘኛው እስከ ዛሬ በሙያው ትምህርት ይጠቀሳል። እንደ እርሳቸው አስተያየት መራጩ መጽሐፉን ለመያዝ የሚያበቃ ምክንያት ይፈልጋል፤ ሳንሱር አድራጊው ደግሞ መጽሐፉን ለመጣል የሚያበቃ ምክንያት ይፈልጋል። የመጀመሪያው መጽሐፉን በሙሉ ያየዋል፤ ጉድለቱን ከጥቅሙ ጋር ያመዛዝናል። ሁለተኛው ከጠቅላላው ነጥሎ አንድ ገጽ ወይም አንድ ቃል ይመዝዛል። መራጩ አንባቢው ራሱ ሊፈርድ ይችላል ብሎ ሲያምን፣ ሳንሱር አድራጊው የሚያምነው በራሱ ፍርድ ብቻ ነው።

ይህ መለኪያ ግን የሚመለከተው የመራጩን ልብ ነው፤ ልብን ደግሞ ከውጭ ማየት አይቻልም። ከመደርደሪያ የወረደ መጽሐፍ ቢያንስ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ተበዳሪው ይጠይቃል፤ ጋዜጣ ይጽፋል። ከመጀመሪያው ያልተገዛ መጽሐፍ ግን አሻራ አይተውም። መኖሩን ያላወቀ አንባቢ መቅረቱን ሊያውቅ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1959 የታተመው የማርጆሪ ፊስክ ጥናት የካሊፎርኒያ የሕዝብና የትምህርት ቤት አብያተ መጻሕፍት ባለሙያዎችን አነጋግሮ የደረሰበት ግኝት ይህንኑ ያጠናክራል። ብዙዎቹ ባለሙያዎች የንባብ ነፃነትን እንደሚደግፉ ቢናገሩም፣ አከራካሪ የሆነ መጽሐፍ ሲያጋጥማቸው ማንም ሳይከለክላቸው፣ አቤቱታም ሳይቀርብባቸው በራሳቸው ሳይገዙት ያልፉ ነበር። የፖለቲካ አድልዎ ሁልጊዜ ከላይ በሚመጣ ትእዛዝ አይገባም፤ አንዳንዴ ነገር ላለመፈለግ ሲባል በዝምታ ይገባል።

አድልዎ የሚገባባቸው በሮች

የመጀመሪያው በር የመረጃ ምንጭ ነው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በየዓመቱ የሚወጡትን መጻሕፍት ሁሉ አንብቦ ሊመርጥ አይችልም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ የሚታተመው «ላይብረሪ ጆርናል»ና እ.ኤ.አ. በ1905 የተመሠረተው «ቡክሊስት» የመሳሰሉ የመጽሐፍ ግምገማ መጽሔቶች የምርጫው ዋነኛ መሠረት ናቸው። በእነርሱ ያልተገመገመ መጽሐፍ በመራጩ ፊት የመቅረብ ዕድሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ በአነስተኛ አሳታሚዎች የወጡ፣ ደራሲው በራሱ ወጪ ያሳተማቸው፣ ወይም ከዋናው የኅትመት ገበያ ውጭ ያለን የፖለቲካ ወገን ሐሳብ የያዙ መጻሕፍት ማንም በክፋት ሳይነሣባቸው ሊቀሩ ይችላሉ። በአሜሪካ የወግ አጥባቂ ወገኖች ከሚያቀርቧቸው ቅሬታዎች አንዱ ይህ ነው። ቅሬታው በእያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት ላይ እውነት ባይሆንም፣ አሠራሩ ለእንዲህ ያለ መዛባት የተጋለጠ መሆኑ ግን አይካድም።

ሁለተኛው በር አሮጌ መጻሕፍትን የማስወገድ ሥራ ነው። ገጹ የተቀደደ፣ መረጃው ያረጀ ወይም ለዓመታት ማንም ያልተዋሰው መጽሐፍ ለአዲስ ቦታ እንዲለቅ ማድረግ የተለመደና አስፈላጊ ተግባር ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ስም የሚጠላ መጽሐፍ አብሮ ሊወጣ ይችላል። ሦስተኛው በር ስጦታ ነው። የፖለቲካም ሆነ የሃይማኖት ድርጅቶች መጻሕፍትን በነፃ ሲያቀርቡ በጀት ያጠረው ቤተ መጻሕፍት ያገኘውን ይቀበላል፤ መደርደሪያውም ሳይታሰብ ወደ ለጋሹ ያጋድላል።

አራተኛው በር አቀማመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ሜልቪል ዱዊ የነደፉትና በብዙ አገሮች የሚሠራበት የአመዳደብ ሥርዓት ለሃይማኖት መጻሕፍት ከ200 እስከ 299 ያሉትን ቁጥሮች ይሰጣል። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ለክርስትና የተመደቡ ሲሆኑ፣ እስልምናን፣ የአይሁድ እምነትን፣ ሂንዱይዝምንና ቡድሂዝምን ጨምሮ ሌሎቹ እምነቶች በሙሉ በ290ዎቹ ተጨናንቀው ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ክፍፍል የነዳፊውን ዘመንና አገር አመለካከት ያሳያል። መጽሐፉ ተገዝቶም እንኳ የት እንደሚቀመጥ፣ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ይታይ ወይስ በጓዳ ይደበቅ የሚለው ውሳኔ በአንባቢው ላይ የራሱ ተጽዕኖ አለው።

ሦስት አገሮች፣ ሦስት ምላሾች

የፖለቲካ ሥልጣን በቀጥታ በመጻሕፍት ምርጫ ውስጥ ሲገባ ሕግ ምን ይላል? የብሪታንያ፣ የፈረንሳይና የአሜሪካ ተሞክሮዎች የተለያየ መልስ ይሰጣሉ።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1986 «ዘ ታይምስ»፣ «ሰንደይ ታይምስ»፣ «ዘ ሰን» እና «ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ» የተባሉት የብሪታንያ ጋዜጦች ባለቤት የሆነው የሩፐርት መርዶክ ኩባንያ የኅትመት ሥራውን በምሥራቅ ለንደን ዋፒንግ ወደሚገኝ አዲስ ማተሚያ ቤት አዛወረ። አድማ የመቱ 5,500 ያህል ሠራተኞቹንም አሰናበተ። በሌበር ፓርቲ የሚመሩ በርካታ የአካባቢ ምክር ቤቶች ከተሰናባቾቹ ጎን መቆማቸውን ለማሳየት የኩባንያው ጋዜጦች ወደ ሕዝብ አብያተ መጻሕፍት እንዳይገቡ ከለከሉ። ኩባንያው ኢሊንግን፣ ካምደንን እንዲሁም ሐመርስሚዝና ፉላምን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ክልከላው ሕገ ወጥ ነው ሲል በየነ። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሕዝብ አብያተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክሮች ሕግ ምክር ቤቶች የተሟላና ቀልጣፋ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት እንዲሰጡ ያዝዛል። በዚህ ሕግ የተሰጣቸውን ሥልጣን ለሌላ የፖለቲካ ዓላማ መሣሪያ ማድረግ ደግሞ ሥልጣንን አለአግባብ መጠቀም ነው ተባለ። የአድማው ትክክለኛነት ወይም ስሕተት የፍርዱ መሠረት አልነበረም፤ ወሳኙ የቤተ መጻሕፍት ሥልጣን የተሰጠበት ዓላማ ነበር።

በፈረንሳይ ጉዳዩ የመጣው ከተቃራኒው የፖለቲካ ጎራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ የቀኝ አክራሪው ብሔራዊ ግንባር ፓርቲ ኦራንዥ፣ ማሪኛንና ቱሎን በተባሉት የደቡብ ፈረንሳይ ከተሞች አሸነፈ። በኦራንዥ ከተማ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ያዘጋጁት የግዢ ዝርዝር በማዘጋጃ ቤቱ እየታየ መሰረዝ ጀመረ። ከተሰረዙት መካከል ስለ ዘረኝነትና ስለ ራፕ ሙዚቃ የሚናገሩ መጻሕፍት ይገኙበታል፤ በአንጻሩ የቀኝ አክራሪ ጸሐፊዎች ሥራዎች እንዲገዙ ተደረገ። በማሪኛን ደግሞ «ሊቤራስዮን» እና «ላ ማርሴዬዝ» የተባሉት ጋዜጦች ደንበኝነት ተቋርጦ የአክራሪው ወገን ጋዜጦች ተተኩ። የኦራንዥ አስተዳደር ያቀረበው መከላከያ «ቀድሞ ወደ ግራ ያጋደለውን ሚዛን እያስተካከልን ነው» የሚል ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1996 የአብያተ መጻሕፍት ተቆጣጣሪዎችን ልኮ ጉዳዩን አስመረመረ፤ ዘገባውም ጣልቃ ገብነቱን አጋለጠ። ሆኖም የማዘጋጃ ቤትን እጅ በግልጽ የሚይዝ ሕግ በወቅቱ አልነበረም። እንዲህ ያለው ሕግ የወጣው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 2021 ነው። ሕጉ የአብያተ መጻሕፍት ስብስቦች ብዝኀነት ያላቸው፣ ከማንኛውም የርዕዮተ ዓለም፣ የፖለቲካና የሃይማኖት ሳንሱር እንዲሁም ከንግድ ጫና ነፃ እንዲሆኑ ያዝዛል።

ሦስተኛው ምላሽ የመጣው ከቴክሳስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የላኖ አውራጃ ባለሥልጣናት 17 መጻሕፍትን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አስወጡ። ከእነርሱ መካከል የኢዛቤል ዊልከርሰን «ካስት»፣ ለወጣቶች የተጻፈ የኩ ክሉክስ ክላን ታሪክና ሕፃናትን ለማሳቅ የተዘጋጁ ቀልደኛ የሥዕል መጻሕፍት ነበሩ። አውራጃው የተለመደውን አሮጌ መጻሕፍት የማስወገድ ሥራ አከናወንሁ አለ። ሰባት ነዋሪዎች ግን መጻሕፍቱ የወጡት በያዙት ሐሳብ ምክንያት ነው ሲሉ እ.ኤ.አ. በ2022 ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ የፌዴራል ዳኛ መጻሕፍቱ እንዲመለሱ ሲያዝ፣ የአውራጃው ኮሚሽነሮች ቤተ መጻሕፍቱን እስከ መዝጋት በሚደርስ ሐሳብ ላይ ተወያዩ፤ በመጨረሻ ክፍት እንዲቆይ ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 የአምስተኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ10 ለ7 ድምፅ የቀድሞውን ትእዛዝ ሻረ። አንባቢዎች መረጃ የማግኘት መብታችን ተነካ በማለት የቤተ መጻሕፍትን የማስወገድ ውሳኔ በፍርድ ቤት ሊሞግቱ አይችሉም አለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በዲሴምበር ወር ጉዳዩን ለማየት ባለመፈለጉ ውሳኔው በቴክሳስ፣ በሉዊዚያናና በሚሲሲፒ ጸና።

የብዙኃኑ ዳኞች መከራከሪያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። መምረጥ የቤተ መጻሕፍት የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፤ ፍርድ ቤት እያንዳንዱን ምርጫ ልመርምር ቢል ማብቂያ አይኖረውም። በተጨማሪም መጽሐፉን ማንም አልከለከለም፤ የፈለገ ሰው በኢንተርኔት ሊያዝ፣ ከመጽሐፍ መደብር ሊገዛ ወይም ከወዳጁ ሊዋስ ይችላል ብለዋል። በልዩነት የወጡት ሰባት ዳኞች ደግሞ ይህ አስተያየት ባለሥልጣናት ያልወደዱትን ሐሳብ ከሕዝብ መደርደሪያ እንዲያስወግዱ በር ይከፍታል ሲሉ አስጠነቀቁ።

«ሌላ ቦታ ግዛው» የሚለው መልስ ገንዘብ ላለው ሰው መልስ ነው። የከርን ወቅታዊ የእርሻ ሠራተኛ ግን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያስፈለገው መግዛት ስለማይችል ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለቤተሰብ ከተላከ በኋላ ለመጽሐፍ የማይተርፈው ሰው፣ የመጽሐፍ መደብር በሌለበት ከተማ የሚኖር ሽማግሌ፣ የባንክ ካርድ የሌላት ተማሪ ዛሬም በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ናቸው። የምርጫ አድልዎ ሸክም በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም፤ የሚከብደው ሌላ መንገድ በሌለው ላይ ነው።

ሚዛን ሲባል ምን ማለት ነው?

ሦስቱ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲታዩ አድልዎ የአንድ ፓርቲ ጠባይ እንዳልሆነ ይታወቃል። የለንደን ምክር ቤቶች ለሠራተኛ መብት፣ የኦራንዥ ከንቲባ «ሚዛን ለማስተካከል»፣ የላኖ ባለሥልጣናት መደርደሪያውን ለማጽዳት እንደሠሩ ተናግረዋል። ሁሉም መልካም ስም ነበራቸው። ስለዚህ መልካም ዓላማ ያለው ሰው መፈለግ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ሚዛን ማለት ከእያንዳንዱ ወገን እኩል ቁጥር መጻሕፍት መግዛት ማለትም አይደለም። በአንድ ጉዳይ ላይ ከአንዱ ወገን ሃያ፣ ከሌላው ሦስት ጥሩ መጻሕፍት ብቻ ታትመው ሊሆን ይችላል። በማስረጃ የተረጋገጠን ነገርና ተራ አሉባልታን በእኩል መደርደርም አንባቢውን ማሳሳት ይሆናል። ይልቁንም ጠቃሚው ጥያቄ ሚዛን ይስተካከል ሲባል የሚወሰደው እርምጃ መጨመር ነው ወይስ መቀነስ የሚለው ነው። የጎደለ ሐሳብ አለ የሚል ቅሬታ የጎደለውን መጽሐፍ በመግዛት ሊመለስ ይችላል። የሌላውን ወገን መጽሐፍ በማስወጣት የሚመለስ ከሆነ ግን ስብስቡ ጠበበ እንጂ አልተስተካከለም።

የዓለም አቀፉ ሙያ ማኅበረሰብ መልስም ከሰው ይልቅ በአሠራር ላይ ያተኩራል። እ.ኤ.አ. በ1949 በዩኔስኮ የወጣውና እ.ኤ.አ. በ1972፣ በ1994 እና በ2022 የተሻሻለው የሕዝብ አብያተ መጻሕፍት መግለጫ ስብስቦች ለርዕዮተ ዓለም፣ ለፖለቲካና ለሃይማኖት ሳንሱር እንዳይጋለጡ ያሳስባል። የፈረንሳዩ ሕግ ደግሞ አንድ እርምጃ ሄዶ አብያተ መጻሕፍት የምርጫ መርሐቸውን በጽሑፍ አዘጋጅተው ለአካባቢው ምክር ቤት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። የጽሑፉ ጥቅም ቀላል ነው። መለኪያው አስቀድሞ ከታወቀ፣ ከመለኪያው የወጣ ውሳኔ ለዓይን ይታያል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት ሌላው ልማድ አቤቱታ የቀረበበት መጽሐፍ ጉዳዩ እስኪጣራ ከመደርደሪያ እንዳይወርድ፣ አቤቱታውም በጽሑፍ ቀርቦ ሙሉውን መጽሐፍ ባነበቡ ሰዎች እንዲመረመር ማድረግ ነው።

በባዕድ አገር ያለ የአማርኛ መደርደሪያ

ይህ ጉዳይ በውጭ አገር ለሚኖሩ የአማርኛ አንባብያን የራሱ ገጽታ አለው። ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው እንደ ሲያትል ባሉ ከተሞች የሕዝብ አብያተ መጻሕፍት የአማርኛ መጻሕፍትን ይይዛሉ። መራጩ አማርኛ ማንበብ በማይችልበት ጊዜ ግን ምርጫው በአቅራቢው፣ በለጋሹ ወይም ድምፁ ጎልቶ በሚሰማው የማኅበረሰብ አባል እጅ ይወድቃል። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ላይ የሚሠራው የግምገማ መጽሔት በአማርኛው ላይ የለም። ስብስቡ አነስተኛ በመሆኑም ጥቂት መጻሕፍት ብቻ ወደ አንድ ወገን ቢያጋድሉ መደርደሪያው በሙሉ ያጋድላል። ስለ አገሩ ታሪክና ፖለቲካ ከልጆቹ ጋር ሊያነብ የሚሻ ወላጅ የአንድ ጎራ ትረካ ብቻ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ይህን ለማረም የሚያስፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ተራ የሆነ ጥያቄ ነው። ብዙ የሕዝብ አብያተ መጻሕፍት አባላት የሚፈልጉትን መጽሐፍ እንዲገዛ የሚጠይቁበት ቅጽ አላቸው። አንባቢው የመጽሐፉን ርእስ፣ የደራሲውንና የአሳታሚውን ስም፣ ቢቻል መጽሐፉ የት እንደሚገኝ ጭምር ቢጽፍ ቋንቋውን የማያውቀውን ባለሙያ በእጅጉ ያግዛል። የምርጫ መርሐቸው በጽሑፍ መኖሩን፣ የመጨረሻውን ውሳኔ ማን እንደሚሰጥ፣ ጥያቄው ውድቅ ቢደረግ ምክንያቱ ይገለጽ እንደሆነ መጠየቅም የአባል መብት ነው። ጥያቄው የሚወደውን ሐሳብ ብቻ ሳይሆን የሚከራከረውንም መጽሐፍ የሚያካትት ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ወደዚያ መደርደሪያ የሚመጣው ሌላ አንባቢ ሁለቱንም አንብቦ በራሱ ለመፍረድ ዕድል ያገኛል።